ብቻዋን ለቀረች በግ ቀመር የለም



በእኛ መካከል ስለ ጌም ሲወራ ብዙ ጊዜ የሚነሳው የሚያባክነው ጊዜ ነው። ወላጆች ልጃቸው ከስልኩ አልነሳ ሲላቸው ይጨነቃሉ፤ የወጣት አገልጋዮችም በትምህርታቸው መካከል ያነሱታል። ጭንቀቱ ተገቢ ነው፣ አልቃወመውም። እኔ ዛሬ የማካፍላችሁ ግን ከሚጫወተው ወገን ሳይሆን ከሚሠራው ወገን ሆኜ ያየሁትን ነው። የኮምፒውተር ሳይንስ ተማሪ ነኝ። ባለፈው ሴሚስተር ለአንድ ኮርስ እያንዳንዳችን ቀላል ጌም ሠርተን እንድናቀርብ ታዘዝን። እኔ መቶ በጎች የሚጠብቅ እረኛ መረጥኩ። ሥራውን ስጀምር ያሰብኩት ስለ ነጥብ፣ ስለ ሥዕልና ስለ ድምፅ ነበር። ስጨርስ ግን ሉቃስ 15ን ከዚህ በፊት ባላነበብኩት መንገድ እያነበብኩ ራሴን አገኘሁት።

በጎችን የመረጥኩት የማውቀው ነገር ስለሆነ ነው። ያደግሁት መንዝ ውስጥ፣ ከመሐል ሜዳ ብዙም በማይርቅ ቀበሌ ነው። አገራችን ደጋ ነው፤ ገብስና በግ ያኖሩናል። የመንዝ በግ ቁመቷ አጭር፣ ጠጉሯ የበዛ፣ ብርድና ረሃብ የምትችል ናት። ከጠጉሯ ባና፣ ዝተትና በርኖስ ይሠራል። የእኛ አገር ልጅ ፊደል ከመቁጠሩ በፊት በግ ይቆጥራል።

ጌም መሥራት በአገራችን አዲስ ነገር ቢመስልም ቀድመው የጀመሩ አሉ። አዲስ አበባ ያለው ቅኔ ጌምስ «ኩኩሉ» የተባለውን፣ ዶሮ ከሚያሳድዳት ሰው እየሮጠች የምታመልጥበትን ጌም ሠርቷል፤ ገበጣንም ወደ ስልክ አምጥቶታል። ገበጣ ደግሞ የእረኞች ጨዋታ ነው። መሬት ላይ ጉድጓድ ቆፍረን፣ ጠጠር ሰብስበን በጎቹ እስኪጠግቡ ድረስ የምንጫወተው ነበር። ስለዚህ እረኛና ጌም ድሮም አይተዋወቁም ነበር ማለት አይቻልም።

የሠራሁበት ሶፍትዌር ጎዶት ይባላል። ነፃ ነው፤ ኮዱ ከ2014 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ለማንም ክፍት ነው። አንዴ ካወረዱት በኋላ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ ለሚማር ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

የመንጋን እንቅስቃሴ በኮምፒውተር ለማሳየት ዛሬም ድረስ የሚሠራበት ዘዴ ክሬግ ሬይኖልድስ የተባለ አሜሪካዊ የኮምፒውተር ባለሙያ በ1986 እ.ኤ.አ. የሠራው ነው። ቦይድስ ይባላል። ሬይኖልድስ ያሳየው ነገር ይገርማል፤ መንጋ እንደ መንጋ ለመሄድ መሪ አያስፈልገውም። እያንዳንዱ እንስሳ ሦስት ሕግ ብቻ ከጠበቀ መንጋው በራሱ ይፈጠራል። አንደኛ፣ ከጎረቤትህ ጋር እንዳትጋጭ ትንሽ ራቅ በል። ሁለተኛ፣ ጎረቤቶችህ ወደሚሄዱበት አቅጣጫ ሂድ። ሦስተኛ፣ ወደ ጎረቤቶችህ መካከል ተጠጋ። በቃ፣ ይኸው ነው። በ1992 እ.ኤ.አ. በወጣው «ባትማን ሪተርንስ» ፊልም ላይ የሌሊት ወፎቹ መንጋ በዚሁ ዘዴ ነው የተሠራው።

እኔም ሦስቱን ሕጎች ጻፍኩ። በእኔ ጌም ውስጥ ጎረቤት ማለት በ80 ፒክሴል ርቀት ውስጥ ያለች በግ ናት። እያንዳንዷ በግ ሌሎቹን 99 በየተራ «አጠገቤ ነሽ?» ብላ ትጠይቃለች። መቶ በጎች ስላሉ በአንድ ዙር 9,900 ጥያቄ ይጠየቃል። ዙሩ በሰከንድ 60 ጊዜ ስለሚደጋገም በአንድ ሰከንድ 594,000 ጥያቄ ማለት ነው። ያገለገለች ላፕቶፔ ትሞቃለች እንጂ ትችለዋለች። ኮዱን ሳስጀምረው በጎቹ መጀመሪያ ተበታትነው ነበር። ከዚያ ቀስ በቀስ ተሰበሰቡ፤ አቅጣጫቸውን አስተካከሉ፤ በሜዳው ላይ ልክ የአባቴ በጎች ማታ ወደ ቤት ሲመለሱ እንደሚሄዱት ሄዱ። ሦስት ሕግ ይህን ሁሉ ሲሠራ ማየት ደስ ይላል።

ሕግ መልካም ነው። ይህን አስቀድሜ መናገር እፈልጋለሁ፤ ምክንያቱም ቀጥሎ የምለው ሕግን እንደ መናቅ እንዳይቆጠርብኝ። እኛ አገር የሕግን ጥቅም ለማወቅ መጽሐፍ መግለጥ አያስፈልግም፤ ጓሳን ማየት ይበቃል። ጓሳ ከመሐል ሜዳ አቅራቢያ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ3,200 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ያለ የሣር ምድር ነው። ሣሩ ለቤት ክዳንና ለገመድ ይሆናል። ጭላዳና ቀይ ቀበሮ ይኖሩበታል። ይህ ምድር እስከ ዛሬ የቆየው ከ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ጀምሮ እንደነበረ በሚነገርለት፣ ቄሮ በሚባል የአባቶች ሥርዓት ነው። በሥርዓቱ መሠረት ምድሩ ለዓመታት ይዘጋል፤ ማንም ሣር አያጭድበትም፣ ከብት አያሰማራበትም። ጊዜው ሲደርስ ወይም ድርቅ ሲመጣ ይከፈታል። በ1967 ዓ.ም. ከታወጀው የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ሲፈርስ ሣሩም ተጎዳ። ኋላ ላይ ኅብረተሰቡ ራሱ ተሰብስቦ ጥበቃውን በአዲስ መልክ መለሰው። ሕግ ሲጠበቅ ሣሩ ይበቅላል፣ ሕግ ሲፈርስ ሣሩ ይመነጠራል። ጳውሎስም ሕጉ ቅዱስና መልካም መሆኑን ይመሰክራል (ሮሜ 7፥12)።

ግን ሕግ የማይችለው አንድ ነገር አለ። እኔ ይህን ያየሁት አንዲት በግ ከመንጋው ውጭ ሳስቀምጥ ነው።

ጌሙ ስለ ጠፋች በግ ስለሆነ አንዷን ከሌሎቹ ርቃ፣ በገደሉ ጫፍ፣ ከ80 ፒክሴል በጣም በራቀ ቦታ አስቀመጥኳት። እሷም እንደ ሌሎቹ ሦስቱን ሕጎች ተሸክማለች። አንድም የጎደላት ሕግ የለም። ልክ እንደ ሌሎቹ በየዙሩ 99 ጊዜ «አጠገቤ ነሽ?» ብላ ትጠይቃለች። 99 ጊዜም «አይደለሁም» ይመለስላታል። በአንድ ሰከንድ 5,940 ጊዜ መሆኑ ነው።

አሁን ሦስቱን ሕጎች በእሷ ላይ እንያቸው። ከጎረቤትሽ ራቅ በይ ይላታል፤ ጎረቤት የላትም። ጎረቤቶችሽ ወደሚሄዱበት ሂጂ ይላታል፤ የሚሄድ የለም። ወደ ጎረቤቶችሽ መካከል ተጠጊ ይላታል፤ መካከል የሚባል ነገር የለም። ሦስተኛው ሕግ እንዲያውም አደጋ አለው። መካከሉን ለማግኘት የጎረቤቶች ቦታ ተደምሮ ለጎረቤቶች ብዛት ይካፈላል። ጎረቤት ከሌለ ዜሮን ለዜሮ ማካፈል ይሆናል፤ ይህ ደግሞ መልስ የለውም። እንዲህ ባለው ስሌት ኮምፒውተሩ በመልሱ ቦታ «ቁጥር አይደለም» የሚል ምልክት ያስቀምጣል። የበጊቱ ቦታ ቁጥር ካልሆነ ደግሞ ስክሪኑ ላይ የምትሳልበት ስፍራ የለም፤ ከነአካቴው ትሰወራለች። መምህራችን ይህን አስቀድሞ ስላስጠነቀቀን ሁላችንም አንድ መስመር ጨመርን። መስመሩ «ጎረቤት ከሌለ ሕጉን ዝለለው» ይላል።

በቃ፣ የፕሮግራሙ መፍትሔ ይህ ነው። በጊቱ አትሰወርም፤ ግን የሚነግራትም የለም። እዚያው ገደል አፋፍ ላይ ቆማ ትቀራለች።

ያን ምሽት ኮዱን ዘግቼ መዝሙር 119ን ከፈትኩ። ከመጽሐፍ ቅዱስ ምዕራፎች ሁሉ ረጅሙ ነው፤ 176 ቁጥር አለው። ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእግዚአብሔርን ሕግ ያመሰግናል። ሕግህን ወደድሁ፣ ትእዛዝህን አሰላሰልሁ፣ ሥርዓትህን ጠበቅሁ የሚል ሰው ነው የሚዘምረው። የሚገርመው የመጨረሻው ቁጥር ነው። ሕጉን ሁሉ የሚወደው ይህ ሰው በ176ኛው ቁጥር ላይ ሲደርስ እንደጠፋ በግ መቅበዝበዙን ተናግሮ እግዚአብሔር እንዲፈልገው ይለምናል። ትእዛዙን አልረሳም፤ ሕጉ በልቡ አለ። ሆኖም ሕጉን ማወቁ ብቻ ወደ ቤት አላደረሰውም። የሚያስፈልገው የሚፈልገው ሰው ነው። ሕግ ሕይወት መስጠት እንዳልቻለ፣ እግዚአብሔርም ሕግ ያልቻለውን በልጁ እንዳደረገ ሐዋርያው ሲጽፍ (ገላትያ 3፥21፤ ሮሜ 8፥3) ይህንኑ ማለቱ ነው ብዬ አመንኩ።

ለትንሣኤ በዓል ቤት ስገባ ላፕቶፔን ይዤ ሄድኩ። ጌሙ ገና አላለቀም ነበር፤ ለአባቴ አሳየሁት። አባቴ ወርኃዊ ማርያምን የሚያከብር፣ ጾሙን የማያጎድል የመንዝ ገበሬ ነው። ወንጌላዊት ቤተ ክርስቲያን ከገባሁ ወዲህ በአንዳንድ ነገር አንግባባም፤ በዚህ ምሳሌ ላይ ግን አስተማሪዬ እሱ ነው።

መጀመሪያ ያየው ቀዩን ቀበሮ ነው። የጌሙ ጠላት አድርጌ ልሥለው እንዳሰብኩ ስነግረው ሳቀ። «እሱ የዓይጥ አዳኝ ነው፤ ስሙን አታጥፋ። በግ የሚገድለው ጉምና ገደል ነው፤ ሲመሽ ደግሞ ጅብ» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ቀይ ቀበሮ በአብዛኛው የሚመገበው የጓሳን ዓይጦች ነው። ቀበሮውን ከጠላትነት አውጥቼ በቦታው ጉም አስገባሁ። በምሥራቅ በኩል ከቆላው እየተነሳ ገደሉን ወጥቶ ሜዳውን በደቂቃ የሚሸፍነውን ጉም የአገሬ ሰው ያውቀዋል።

ቀጥሎ ስለ ድምፅ ጠየቀኝ። በእኔ ጌም የጠፋችው በግ ያለማቋረጥ ትጮኻለች፤ ተጫዋቹም ድምፁን ተከትሎ ያገኛታል። አባቴ ራሱን ነቀነቀ። «መጀመሪያ ትጮኻለች» አለኝ፤ «ሲመሽ ግን ዝም ትላለች፤ ፈርታ ትተኛለች። ያኔ እሷ አትጠራህም። አንተ ነህ የምትጠራት፤ ሄደህም ካገኘሃት በኋላ በእግሯ አትከተልህም፤ ትሸከማታለህ።»

ይህን ስሰማ ጌሙን ለወጥኩት። አሁን ፀሐይ ስትጠልቅ የበጊቱ ድምፅ ይቆማል። አቅጣጫ የሚያሳይ ቀስትም የለም። ተጫዋቹ በጉሙ ውስጥ እየጠራ መፈለግ አለበት። ሲያገኛት ትከሻው ላይ ያደርጋታል፤ ከዚያ በኋላ የእረኛው ፍጥነት በግማሽ ይቀንሳል። ሉቃስ እረኛው በጊቱን በትከሻው እንደተሸከማት ሲጽፍ (15፥5) ሁልጊዜ የፍቅር ምልክት ብቻ ይመስለኝ ነበር። የፍቅር ምልክት መሆኑ እውነት ነው፤ ግን ሌላ መንገድም የለም። የደከመች በግ በእግሯ አትመለስም። መመለሷ ሁሉ የእረኛው ጉልበት ነው።

ወገኖች፣ ልብ በሉ። በምሳሌው ውስጥ በጊቱ የሠራችው ሥራ ምንድን ነው? ጠፋች፤ ተገኘች። ሌላውን ሁሉ ያደረገው እረኛው ነው። ጌታ ኢየሱስ ይህን ምሳሌ የተናገረው ከኃጢአተኞች ጋር መብላቱን ለሚያጉረመርሙ ሰዎች ነው (ሉቃስ 15፥2)። እነሱ የመንጋውን ሕግ ጠንቅቀው የሚያውቁ ነበሩ። ከማን ምን ያህል መራቅ፣ ወዴት መሄድ፣ ከማን ጋር መጠጋት እንዳለባቸው ያውቃሉ። ከመንጋው ውጭ ለቀረው ሰው ግን በእጃቸው ያለው ያው መስመር ነበር፦ ዝለለው።

ወደ ግቢ ከተመለስኩ በኋላ ጌሙን ለጓደኞቼ እንዲሞክሩት ሰጠኋቸው። አንዱ የጠፋችውን በግ አንድ ጊዜ እንኳ ሳይፈልግ ዘጠና ዘጠኙን በሰላም በረት አስገብቶ ጨረሰ። ስክሪኑ ላይ «99 ከ100» የሚል ወጣ። «ኤ ፕላስ ነው!» ብሎ ላፕቶፑን መለሰልኝ። ሁላችንም ሳቅን። ደግሞም ልክ ነው፤ በየትኛውም ትምህርት ቤት 99 ከመቶ ያመጣ ተማሪ ሌላ ጥያቄ አይጠየቅም። አባቴ ቤት ሲሞክረው ግን ያው 99 ሲወጣበት የጠየቀኝ አንድ ነገር ብቻ ነበር። «የቀረችው የትኛዋ ናት?»

ስንት ቀረ አላለም። የትኛዋ ናት አለ። ግንባረ ቦቃዋ ናት? ያቺ ግልገል ያላት ናት? በኮዴ ውስጥ በጎቹ ቁጥር እንጂ ስም አልነበራቸውም። ለጠፋችው ስም ሰጠኋት፤ የ«99 ከ100» ጽሑፉንም አጠፋሁት። አሁን ተጫዋቹ ዘጠና ዘጠኙን ይዞ በረት ሲደርስ የሚወጣለት ቁጥር ሳይሆን ስሟ ነው።

አባቴ ለምን እንደዚያ እንደሚጠይቅ ልንገራችሁ።

ታናሽ ወንድሜ የ12ኛ ክፍል መልቀቂያ ፈተናን የወሰደው በ2015 ዓ.ም. ነው። እንደምታስታውሱት በዚያ ዓመት ከተፈተኑት መቶ ተማሪዎች ውስጥ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ሦስት ገደማ ብቻ ነበሩ። ወንድሜ ከዘጠና ሰባቱ ጋር ነበር። ፈተናውን መውቀሴ አይደለም። ግን አንድ ልጅ ለ12 ዓመት አብሮ ከሄደው መንጋ በአንድ ቀን ሲለይ ምን እንደሚሆን በቤታችን አየሁ። ውጤቱን ባየ በሳምንቱ ማንንም ሳያስናብት ወደ አዲስ አበባ ሄደ። ሲም ካርዱን ቀየረ። መጀመሪያ ሰሞን በሰው ስልክ አልፎ አልፎ ይደውል ነበር፤ ከዚያ ያም ቆመ። አባቴ እንዳለው፣ ሲመሽ ዝም ይላሉ።

እናቴ እንግዳ ሲመጣና «ልጆችሽ ስንት ናቸው?» ብሎ ሲጠይቃት «አምስት» ትላለች። አራት ብላ አታውቅም።

አባቴ በዕድሜው አዲስ አበባን ሁለት ጊዜ ብቻ ያየ ሰው ነው። በርኖሱን ለብሶ፣ በሶ ቋጥሮ ሄደ። የአገር ልጆች ይሠሩበታል የተባለውን የሕንፃ ግንባታ ሁሉ እየዞረ ጠየቀ። በመጨረሻ አንድ የሠፈራችን ልጅ አገናኘው። ወንድሜ ሲሚንቶ እየተሸከመ ነበር። ሁለቱ የተነጋገሩት ግማሽ ሰዓት ያህል ብቻ ነው። ወንድሜ «ይህን ውጤት ይዤ እንዴት ቤት እገባለሁ?» አለው። አባቴም «እኔ ውጤት ፍለጋ አልመጣሁም» አለው።

ወንድሜ በዚያ ቀን አልተመለሰም። እስከዛሬም አልተመለሰም። አባቴ ብቻውን ተመለሰ፤ አዲሱን ስልክ ቁጥር ግን ይዞ መጣ። በየእሁዱ ይደውልለታል። አንዳንዴ ያነሳል፣ አንዳንዴ አያነሳም። ይህን የምጽፈው በደስታ የተቋጨ ምስክርነት ለመስጠት አይደለም፤ አልተቋጨም። የምጽፈው ከአባቴ አፍ የወጣውን ያንን አንድ ዓረፍተ ነገር እናንተም እንድትሰሙት ነው። «እኔ ውጤት ፍለጋ አልመጣሁም።» ወንጌልን በዚህ ያህል አጭር ቃል ሲነገር ሰምቼ አላውቅም። ጌታ ወደ እኛ ሲመጣ ውጤታችንን ሊያይ አልመጣም። የጠፋውን ሊፈልግና ሊያድን መጣ (ሉቃስ 19፥10)።

እርግጥ ነው ጌሜም ሆነ አባቴ የጌታን ነገር ሙሉ በሙሉ አያሳዩም። በጌሜ ውስጥ እረኛው በጊቱ የት እንዳለች አያውቅም፤ የእኛ እረኛ ግን የት እንዳለን ያውቃል። ተጫዋቹ ሲሰለቸው ላፕቶፑን ይዘጋል፤ የእኛ እረኛ እስኪያገኝ ድረስ ይፈልጋል። የእኔ እረኛ የሚከፍለው ጊዜና ፍጥነት ነው፤ መልካሙ እረኛ ግን ነፍሱን ስለ በጎቹ አኖረ (ዮሐንስ 10፥11)። ይህንን በኮድ የሚጽፍ ሰው የለም። ቢሆንም ያቺ ትንሽ ፕሮግራም አንድ ነገር በግልጽ አሳየችኝ፦ ከመቶዎቹ በጎች አንዷም ሕጉን ጥሳ ልታመጣት አትችልም፤ ሁሉም የሚያዩት እስከ 80 ፒክሴል ነው። ከሕጉ ውጭ ሆኖ ወደፈለገበት መሄድ የሚችል በሜዳው ላይ አንድ ብቻ አለ፤ እሱም እረኛው ነው።

ይህን ይዘን ስለ ጉባኤያችን እናስብ። ቤተ ክርስቲያን መንጋ ናት፤ መሰብሰባችንንም እንዳንተው ታዘናል (ዕብራውያን 10፥25)። አብረን እንዘምራለን፣ አብረን እንጾማለን፣ እርስ በርስ እንጠያየቃለን። ይህ ሁሉ መልካም ነው፤ ብዙዎቻችንን ያቆየንም ይኸው ነው። ግን የምንጠያየቀው አጠገባችን ያለውን ነው። ከሦስት ወር በፊት መምጣት ያቆመችው እህት፣ ሥራ አጥቶ ማፈር የጀመረው ወንድም፣ ከግቢ ኅብረት ተመርቆ ወጥቶ አዲስ ከተማ ውስጥ ማንንም የማያውቀው ልጅ፣ ከ80 ፒክሴላችን ውጭ ናቸው። የእሁዱ አዳራሽ ሙሉ ሊሆን ይችላል። እነሱ ጋ ግን መልሱ ሁልጊዜ «አይደለሁም» ነው። እግዚአብሔር በሕዝቅኤል 34 እረኞችን የወቀሰው በጎቹን በግፍ ስለገዙ ብቻ አይደለም፤ የጠፋውን ስላልፈለጉም ነው (ቁ. 4)። ስለዚህ በዚህ ሳምንት አንድ ነገር እናድርግ። ስንት ሰው መጣ ብለን ከመቁጠራችን በፊት የቀረው ማን ነው ብለን እንጠይቅ፤ ስሙን እንጥራ፤ እንደውልለት። ባያነሳ በሚቀጥለው ሳምንት ደግመን እንደውል። ከተቻለም እንሂድ።

ይህን እያነበብክ ከመንጋው የራቅህ ወንድሜ፣ ከመንጋው የራቅሽ እህቴ፣ አንድ ቃል ለእናንተ። ምናልባት ሕጉን ሁሉ ታውቁታላችሁ። መጸለይ እንዳለባችሁ፣ መመለስ እንዳለባችሁ፣ ምን ማድረግ እንደሚገባ ማንም እንዲነግራችሁ አትፈልጉም። የጠፋችው በግም ሦስቱን ሕጎች ተሸክማ ነው የጠፋችው። ሕጉን ማወቃችሁ ካልመለሳችሁ፣ ያ የመጨረሻው ቃል አይደለም። ድምፃችሁ ቢጠፋም እየጠራ የሚፈልጋችሁ አለ። በእግራችሁ ለመሄድ አቅም ባይኖራችሁም የሚሸከም ትከሻ አለው። ውጤታችሁን ሊጠይቅ አልመጣም። ወንጌልን ገና አሁን እየመረመራችሁ ያላችሁም ብትሆኑ፣ እግዚአብሔር ከመቶ አንዱን «አንድ በመቶ» ብሎ እንደማይጠራ እወቁ፤ በስሙ ይጠራዋል (ዮሐንስ 10፥3)።

እንጸልይ።

ጌታ ኢየሱስ ሆይ፣ መልካም እረኛችን፣ ሕግህ መልካም ነው፤ ግን ሕጉ ብቻ ወደ ቤት አላደረሰንም፣ አንተ መጣህልን። በጉም ውስጥ ሆነው ዝም ያሉትን ዛሬ ፈልጋቸው። በትከሻህ ያረፉትን ደግሞ እንደ አንተ የሚፈልግ ልብ ስጠን። በየከተማው ልጁን፣ በየገጠሩ ወላጁን የሚጠብቀውን ቤተሰብ ሁሉ አስብ። ወንድሜንም አስብ፤ የት እንዳለ አንተ ታውቃለህ። በስምህ ለምነናል። አሜን።